ባለቤት ያላት ትምህርት ቤት
የጉዞ ማስታወሻ ከኩታበር



ዐረፋ በደረሰ ቁጥር የወሎ ልጅ ባለበት አይረጋም። አዲስ አበባ ያለው ሻንጣውን፣ ደሴ ያለው ፌስታሉን አንጠልጥሎ ወደ ተወለደበት ቀዬ ይተማል። እኔም እንደ ልማዴ በዓሉን ከወላጆቼ ጋር ለማሳለፍ ወደ ኩታበር ተጉዤ ነበር። ሥራዬ መምህርነት በመሆኑ በሄድኩበት ሁሉ ዓይኔ የሚያርፈው ትምህርት ቤት ላይ ነው። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁትም ስለ በዓሉ ድግስ ሳይሆን፣ በዓሉ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ተመልሼ ስላየኋት፣ ፊደል ስለቆጠርኩባት አንዲት ትንሽ የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ስሟን አልጠቅስም። በማወጋው ውስጥ የራሴ ቅሬታ አለበት፤ ደግሞም እርሷን የመሰሉ ትምህርት ቤቶች በወሎ ደጋ ብዙ ናቸውና አንባቢ የራሱን ቀበሌ ስም ቢተካበት አይሳሳትም።

በቦሩ ሜዳ በኩል

ኩታበር ከደሴ ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የወረዳ ከተማ ናት። ወረዳዋም በዚሁ ስም የሚጠራ ሲሆን በደቡብ ከደሴ ዙሪያ፣ በምዕራብ ከተንታ፣ በሰሜን ከአምባሰል፣ በምሥራቅ ከተሁለደሬ ጋር ይዋሰናል።

ሚኒባሱ ከደሴ ወጥቶ ብዙም ሳይርቅ ቦሩ ሜዳ ይደርሳል። ታሪክ የሚያውቅ ሙስሊም ይህን ሜዳ ዝም ብሎ አያልፈውም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. የጠሩት ጉባኤ የተካሄደው እዚህ ነው። ከዚያ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ታዘዙ፤ ኢማም መሐመድ ዐሊም ክርስትና ተነሥተው ራስ ሚካኤል ተባሉ፤ እንደ ሸኽ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ያሉ ዑለማእ ደግሞ እምቢ ብለው ተነሡ። ይህን የማነሣው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። ዛሬ በዚያ አገር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በሠርግም በለቅሶም አብሮ የሚቀመጥ ጎረቤት ነው። ነገር ግን አባቶቻችን ከመንግሥት የመጣ ነገርን ሁሉ፣ ትምህርት ቤትን ጭምር፣ ለረጅም ዘመን በጥርጣሬ ሲያዩ የኖሩት ያለ ምክንያት እንዳልነበረ ማወቅ ይገባናል። ልጁን ሰጥቶ ልጁን እንዳያጣ የሚፈራ ወላጅ ደንቆሮ አይባልም።

ከቦሩ ሜዳ ወዲያ አገሩ ደጋ ነው። ግራና ቀኙ የበልግ ገብስ፣ ከገብሱ በላይ ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፉ በላይ ደመና። በስተ ምዕራብ መሬቱ እየተቆራረሰ ወደ በሺሎ ሸለቆ ይወርዳል። የበሺሎ ውኃ መጨረሻው ዓባይ ነው። ከኩታበር ከተማ ወርጄ የእኛን ቀበሌ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በእግር ተጓዝኩ። ልጅ ሳለሁ የማውቀው ካብ እንዳለ ነው። ያልነበረው አዲሱ ነገር በየቤቱ ክዳን ላይ የሚያብረቀርቀው ቆርቆሮ ነው። ከነዚህ ቆርቆሮዎች ብዙዎቹ የተገዙት ከዐረብ አገር በተላከ ገንዘብ ነው። ወደዚህ ነገር ኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለት ትምህርት ቤት፣ አንድ ልጅ

በ1987 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል ስገባ አስቀድሜ የቁርኣን ቤት ልጅ ነበርኩ። ሱብሒ እንደተሰገደ እያንዳንዳችን አንዳንድ ጭራሮ ይዘን እንሄዳለን፤ በየተራ ያመጣነው እንጨት ይነድና በብርሃኑ ሉሓችንን እናነባለን። ቀለሙ ከድስት ጥላሸት የተበጠበጠ ነበር። ያጠናነው ሲሰማልን ሉሑ ይታጠብና አዲስ ይጻፍበታል። ሸኻችን የሚለቁን ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነበር። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ሰንደቅ ዓላማ የሚሰቀለው 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው።

እንግዲህ አስሉት። ሉሔን ጥዬ ደብተሬን አንሥቼ ዳገቱን ብሮጥም በሩ ተዘግቶ ይጠብቀኛል። ያረፈደ ልጅ ጠጠር ላይ ይንበረከካል። ከአርባና ሃምሳ ልጆች መካከል ተንበርካኪዎቹ ሁልጊዜ እኛው፣ የቁርኣን ቤት ልጆች ነበርን። ትምህርት ቤቱ ሰነፎች ይለናል፤ ቀድሞ የሄደውን ልጅ ደግሞ ቁርኣን ቤቱ ይገርፈዋል። አባቴ አንድ ቀን ጉልበቴን አይተው “ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም፤ አንዱን ምረጥ” አሉኝ። እኔ መምረጥ ስላልቻልኩ እርሳቸው መረጡልኝና አንድ ዓመት ሙሉ ከትምህርት ቤት ቀረሁ። የተመለስኩት አጎቴ ደሴ ወስደው ባስገቡኝ ጊዜ ነው። ከዚያም ጧት በትምህርት ቤት፣ ከዐስር በኋላ በመድረሳ እየቀራሁ አደግሁ።

ከእኔ በሁለት ዓመት የምታንሰው እህቴ ግን ደሴ የሚወስዳት አልነበረም። ሴት ልጅ ከቤት ርቃ አታድርም ተባለ። ከትምህርት ቤት በአራተኛ ክፍል፣ ከቁርኣን ቤት በመጨረሻው ጁዝእ ቀረች። ከሁለቱ አንዱንም ሳትዘልቅ ውኃ ስትቀዳ አደገችና በኋላ እንደ ብዙዎቹ የአካባቢው ሴቶች ሳዑዲ ዐረቢያ ገባች። ልትሄድ ስትል ያስፈረሟት ወረቀት በዐረብኛ የተጻፈ ነበር። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች፤ ትርጉሙን ግን አታውቅም። የምን ሥራ፣ ለስንት ሰዓት፣ በስንት ገንዘብ እንደሆነ ሳታውቅ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አሳረፈችበት። በኅዳር 2006 ዓ.ም. በጀመረው ዘመቻ ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ከተመለሱት አንዷ እርሷ ነበረች። ይዛ የመጣችው አንድ ብርድ ልብስና የወገብ ሕመም ነው። በዓመቱ አገባች፤ ሴት ልጅም ወለደች።

የእህቴ ልጅ ዛሬ የዚያችው ትምህርት ቤት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ዘንድሮ በበዓሉ ማግስት እግሬን ወደዚያ የመራኝም እርሷው ናት።

በግቢው ውስጥ

ትምህርት ቤቷ ባለ ስምንት ክፍል ናት፤ አራቱ የድንጋይ፣ አራቱ የጭቃ። ደወሏ ከወይራው ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው። በወይራው ሥር የሚኒ ሚዲያ ክበቡ ልጆች የድምፅ ማጉያቸውን ያስቀምጣሉ። በረንዳው ላይ የውኃ ጀሪካኖች ተደርድረዋል፤ በአካባቢው የቧንቧ ውኃ ስለሌለ እያንዳንዱ ልጅ በተራው አንዳንድ ሊትር ይዞ ይመጣል።

ክፍሎቹን ስዞር አንዳንዱ ዴስክ አዲስ፣ አንዳንዱ በምስማር የተጠጋገነ ሆኖ አገኘሁት። ምክንያቱን ስጠይቅ “ከጦርነቱ በኋላ ነው” አሉኝ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ኩታበር የጦር ግንባር እንደነበረች የሚታወስ ነው። በጥቅምት ወር መጨረሻ ደሴም ተይዛ እስከ ኅዳር ወር መጨረሻ ቆይታለች። ያን ጊዜ የትምህርት ቤቷ ዴስክ ማገዶ ሆነ፤ የተማሪዎቹ መዝገብና መጻሕፍት ተበታተኑ። ሕዝቡ ከተሰደደበት ሲመለስ ግድግዳና ጥቁር ሰሌዳ ብቻ ጠበቀው። መጀመሪያ የተጠገኑት ዴስኮች ከየቤቱ በመጣ ሳንቃ የተሠሩ ናቸው። ከዚያም በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በተነሣው ግጭት በብዙ ቦታ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ይህችኛዋም ትዘጋለች እየተባለ እየተከፈተች፣ ትከፈታለች እየተባለ እየተዘጋች እዚህ ደርሳለች። ዘንድሮ ግን አልሐምዱሊላህ ዓመቱን ሙሉ አስተምራለች።

ርእሰ መምህሩ ከሌላ ወረዳ የተመደቡ ክርስቲያን ናቸው። መንደሩ ቤት ሰጥቷቸው፣ ማገዶ አቅርቦላቸው ሰባት ዓመት ኖረዋል። በዐረፋው ዕለት አራት ቤት ተጋብዘው እንደነበር እየሳቁ ነገሩኝ፤ በሁሉም ቤት ለእርሳቸው የተሰናዳው የጾም ምግብ ነበር፤ የክርስቲያኑ እርድ ለብቻው ነውና የሙስሊሙን ሥጋ እንዳይበሉ ባለቤቱ አስቀድሞ ያስብላቸዋል። ወሎ እንዲህ ነው።

“መምህር፣ ዛሬም ጠጠር ላይ የሚንበረከክ ልጅ አለ ወይ?” ብዬ ጠየቅኋቸው። ፈገግ ብለው “ይህን የሚመልሱልህ ሸኹ ናቸው፤ ና እንሂድ” አሉኝ።

የግማሽ ሰዓቱ እርቅ

የቁርኣን ቤቱ ሸኽ የእኔው አስተማሪ ልጅ ናቸው። ዕድሜያቸው ስድሳን አልፏል። ቡና አስፈልተው፣ ቆሎ አስቀርበው ታሪኩን ነገሩን።

“ልጆቹ በየዓመቱ ይቀንሱ ነበር። እኔም ጋ ይቀንሳሉ፤ እርሳቸውም ጋ ይቀንሳሉ። እኔ ትምህርት ቤቱ ወሰደብኝ እላለሁ፤ እርሳቸው ቁርኣን ቤቱ ወሰደብኝ ይላሉ። አንድ ቀን በለቅሶ ቤት ጎን ለጎን ተቀመጥን። ‘ሸኽ፣ አንቱ ጋ ስንት ልጅ አለ?’ አሉኝ። ነገርኳቸው። እርሳቸውም የእርሳቸውን ነገሩኝ። ብንደምረው የመንደሩን ልጅ ግማሽ እንኳ አልሞላም። ለካስ ልጁን የወሰደው ከብቱና ገበያው ኖሯል! የቀረውም ወደ ጅቡቲ መንገድ ገብቷል።”

ከዚያ በኋላ የቅሬው ዳኞች፣ የወላጆች ኮሚቴውና ሁለቱ መምህራን ተቀመጡ። ቅሬ ለሌላ አገር አንባቢ እድር ብንለው ይቀርባል፤ በወሎ ግን ሬሳ ከማንሣት አልፎ የመንደሩ ሸንጎም ነው። ስምምነቱ ቀላል ነበር። ቁርኣን ቤቱ ከጧቱ 2 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ልጆቹን ይለቃል። ትምህርት ቤቱም በሩን እስከ 2 ሰዓት ተኩል አይዘጋም፤ ያረፈደም ልጅ አይንበረከክም። ቁርኣን ቤቱ በየቀኑ ያጣውን ጊዜ ቅዳሜና እሑድ ረዘም አድርጎ ያካክሳል። በልማዱ የቁርኣን ቤት ዕረፍት ሐሙስና ጁሙዓ ስለሆነ ቅዳሜና እሑድ ለእርሱ የሥራ ቀን ነው። ትምህርት ቤቱም በበኩሉ ጁሙዓ ቀን ለሶላት የሚደርስበትን ሰዓት ጠብቆ ይለቃል።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ስምምነት ውስጥ አንዱ የሌላውን ሥራ አለመውሰዱን ልብ በሉ። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲካሄድ ያዝዛል። ሸኹ በትምህርት ቤቱ ቁርኣን ላስተምር አላሉም፤ ርእሰ መምህሩም በቁርኣን ቤቱ ሒሳብ ይሰጥ አላሉም። የተደራደሩት ስለ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። እኔን አንድ ዓመት፣ እህቴን ዕድሜዋን ያስከፈለን ጉዳይ በአንድ ከሰዓት በኋላ ቡና ላይ አለቀ።

ለሸኹ “ሰው አልተቃወመም?” አልኳቸው።

“እንዴት አይቃወም! ‘ሸኽ፣ አንቱ ለመንግሥት አጎበደዱ’ ያለኝ አለ። እኔም ስለ በድር ምርኮኞች ነገርኩት።”

በሲራ መጻሕፍት እንደተዘገበው ከበድር ዘመቻ በኋላ የሚከፍሉት ገንዘብ ያልነበራቸው፣ ነገር ግን መጻፍ የሚያውቁ ምርኮኞች የመዲናን ልጆች መጻፍ አስተምረው ነፃ እንዲወጡ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፈቅደዋል። አስተማሪዎቹ ትናንት ሰይፍ ያነሡ ሙሽሪኮች ነበሩ። ሸኹ ይህን ካወጉ በኋላ እንዲህ አሉኝ፦ “እኔ ራሴ የአማርኛ ፊደል የቆጠርኩት በ1971 በተጀመረው መሠረተ ትምህርት ነው፤ በኩራዝ ማታ ማታ። ዘማቹ ያስተማረኝ ፊደል ኪታቤን አልወሰደብኝም። የቀደሙት ሸኾቻችንስ አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል በዐጀም ይጽፉት አልነበረም? ሁለቱ ፊደሎች ድሮም ጠበኞች አልነበሩም።”

እውነታቸውን ነው። ሸኽ ጦልሃን የመሰሉ የወሎ ዑለማእ በአማርኛ የተቀኟቸው መንዙማዎች በዐጀም ተጽፈው ኖረዋል።

በወይራው ሥር የተደረገው ስብሰባ

ሰዓቱ ተስተካክሎ ልጆቹ ተመለሱ። አሁን ያለው ችግር ሌላ ነው። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን እስከ ስምንተኛ ክፍል አድርጎት ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሥራ ላይ የዋለው ሥርዓተ ትምህርት ግን አንደኛ ደረጃን በስድስተኛ ክፍል አቁሞ ሰባተኛና ስምንተኛን መካከለኛ ደረጃ ብሎ ለይቷል። የእኛዋ ትንሽ ትምህርት ቤት ደግሞ መጀመሪያም ከስድስተኛ ክፍል አልፋ አታውቅም። ሰባተኛ ክፍል ያለበት ቅርብ ቦታ ገደሉን ወርዶ ወንዙን ተሻግሮ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል። ወንዶቹ ተሻግረው ቤት ተከራይተው ይማራሉ፤ ሴቶቹ በስድስተኛ ክፍል ፈተና ያበቃላቸዋል። ከዚያ በኋላ የሚጠብቃቸው ከሁለት አንዱ ነው፦ ባል ወይም ደላላ። ሕጉ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት ያደርገዋል፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ግን አምስት ዓመት ቤት ተቀምጣ አትጠብቅም።

በሦስተኛው የበዓል ማግስት ዙህር ከተሰገደ በኋላ መንደሩ በወይራው ሥር የተሰበሰበው በዚህ ጉዳይ ነበር። ወረዳው መምህራን ለመመደብ ፈቃደኛ መሆኑን፣ ነገር ግን ሁለት ክፍል ሕዝቡ ይሥራ መባሉን ርእሰ መምህሩ ተናገሩ። ድንጋይና እንጨት ከመንደሩ ይገኛል። መቶ ያህል ቆርቆሮና ምስማር ግን በገንዘብ የሚገዛ ነው።

ጋቢያቸውን የተከናነቡ አንድ አዛውንት ተነሡ። “እኔ አልዋሽም” አሉ። “ልጄ ዐረብ አገር ሄዳ ቤቴን ቆርቆሮ አለበሰችልኝ፤ በሬ ገዛችልኝ። ሰባተኛ ክፍል ምን ይገዛልኛል? ሥራ ያጣ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ በየቤታችን ተቀምጦ የለም እንዴ?” ብዙ ሰው አንገቱን ነቀነቀ። እኔም መምህር ሆኜ አፌ ላይ መልስ አልመጣልኝም፤ ያሉት ሐቅ ነበረበትና።

መልሱ የመጣው ከሴቶቹ ወገን ነው። እህቴ የወላጆች ኮሚቴ አባል መሆኗን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ሻሿን አስተካክላ ተነሣች። “አብዬ፣ አላህ ዕድሜ ይስጥዎት” አለች። “የእርስዎ ልጅ ቀናት፤ እኔ አልቀናኝም። ሁለታችንም ስንሄድ የፈረምንበትን አላነበብንም። ልጄ አትሂድ አልልም፤ ሪዝቁ የት እንዳለ የሚያውቅ አላህ ነው። የምትሄድ ከሆነ ግን ወረቀቱን አንብባ ትሂድ። የማትሄድም ከሆነ አንብባ ትቅር።”

ከዚህ በላይ አልተናገረችም። አዛውንቱ ጥቂት ዝም ብለው “አብሽሪ ልጄ” አሏት። ቀጥለውም “በል እንግዲህ፣ የኔን ሁለት ባሕር ዛፍ ጻፍ” አሉ ወደ ጸሐፊው ዞረው። ከዚያ ወዲያ የጸሐፊው እጅ አላረፈም፤ አንዱ ግንድ፣ አንዱ የአህያ ጭነት ድንጋይ፣ አንዱ የሦስት ቀን ጉልበት፣ ቡና የሚያፈሉና ዳቦ የሚጋግሩ ሴቶችም ተራቸውን አስመዘገቡ። ሸኹ ዱዓ አድርገው ስብሰባው ተፈጸመ።

በሚመጡት ወራት

በስብሰባው የተያዘውን ዕቅድ ሌላም ቀበሌ ይጠቀምበት ዘንድ በዝርዝር አቀርበዋለሁ።

በሰኔ ወር በየሳምንቱ አንድ ቀን ጅጊ ይወጣል። ድንጋዩ ይለቀማል፤ መሠረቱ ይቆፈራል፤ ምሰሶውና ወራጁ ይቆማል። የአገሩ አናጢዎች እንደመከሩት ከባዱ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ጣሪያው መልበስ አለበት። ጭቃ በክረምት ስለማይደርቅ ግድግዳው የሚመረገው ከመስከረም በኋላ ነው፤ ለዚሁም የሚሆነው ጭድ ካለፈው መኸር የተረፈው ከአሁኑ ተለቅሞ በጆንያ ይቀመጣል። ስለዚህ ግድግዳው ባይደርስ እንኳ ጣሪያ ካለ ሰባተኛ ክፍል በመስከረም ይጀመራል። ዳስ ውስጥ ለተማረ ትውልድ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

በሰኔ መጨረሻ የወላጆች ቀን ይከበራል። የሚኒ ሚዲያ ልጆች ስለ ደላላ አንድ አጭር ድራማ አዘጋጅተዋል፤ ሲለማመዱ አይቼ ደላላውን የተጫወተው ልጅ አስቆኛል። ከየክፍሉ አንደኛ እስከ ሦስተኛ ለወጡት ደብተርና እስክሪብቶ ይሸለማል። ዘንድሮ አንድ አዲስ ነገር ተጨምሯል፦ በዓመቱ አንድም ቀን ያልቀረ ልጅ፣ ደረጃ ባይወጣም ይሸለማል።

በሐምሌ ወር ልጆቹ ከግቢው በታች በሚሸረሸረው ቁልቁለት ላይ ችግኝ ይተክላሉ። ከዩኒቨርሲቲ ለክረምት ዕረፍት የሚመጡ የመንደሩ ወጣቶች ደግሞ ስድስተኛን ለጨረሱ ልጆች በሒሳብና በእንግሊዝኛ የማጠናከሪያ ትምህርት ለመስጠት ተስማምተዋል። ቦታው የቁርኣን ቤቱ በረንዳ ነው፤ ሸኹ ከዐስር በኋላ ባዶ መሆኑን ተናግረው ፈቅደዋል።

በነሐሴ ለሴቶች ልጆች ለብቻው በር ያለው፣ የሚቆለፍ መጸዳጃ ቤት ይቆፈራል። በስብሰባው ላይ ይህን ጉዳይ ወንዶቹ በዝምታ ሊያልፉት ሲሉ እናቶች አላስቻላቸውም። ልጃገረድ በወር ለቀናት ከትምህርት የምትቀርበት ምክንያት ይኸው ስለሆነ ሐያእ ብሎ ማለፍ ልጅቱን መጉዳት ነው።

በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜን ምዝገባ ይካሄዳል። ቀኑን ሸኹ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ፣ የቅሬው ጥሪ አቅራቢም በየጎጡ ያስነግራሉ።

የቀረውስ?

ይህ ሁሉ ተስፋ ነው እንጂ የተፈጸመ ነገር አይደለም። ስመለስ መሠረቱ ተቆፍሮ ነበር፤ ቆርቆሮው ግን ገና አልተገዛም። ሰላም ከደፈረሰ፣ ወረዳው መምህር ካልመደበ፣ ወይም ዝናቡ ከጣሪያው ከቀደመ ዘንድሮም ስድስተኛን የጨረሱት ሴቶች ልጆች ቤት ይቀራሉ። ይህን የምለው አንባቢን ለማሳዘን ሳይሆን ነገሩ በስንት ቀን ሥራ ላይ እንደተንጠለጠለ ለማሳየት ነው።

ከየገጠሩ ወጥታችሁ በደሴ፣ በአዲስ አበባና በውጭ አገር የምትኖሩ ወንድሞችና እህቶች! ለበዓል ስትገቡ በግ ይዛችሁ እንደምትገቡ ሁሉ የተማራችሁበትን ትምህርት ቤት ጎራ ብላችሁ እዩት። ስንት ቆርቆሮ ይጎድለዋል? ሴቶቹ ልጆች እስከ ስንተኛ ክፍል ይዘልቃሉ? የቁርኣን ቤቱ ሸኽና ርእሰ መምህሩ ተቀምጠው ተነጋግረው ያውቃሉ? የመጨረሻው ጥያቄ ገንዘብ አያስወጣም፤ ምናልባት ከሁሉም በላይ የሚሠራው እርሱ ነው። ወደ እምነታችን የመጀመሪያው ወሕይ የማንበብ ትእዛዝ ሆኖ ወርዷል። ትእዛዙ ለወንድ ብቻ ነው ያለን የለም።

በነጋታው ወደ ደሴ ልመለስ ስነሣ የእህቴ ልጅ እስከ መንገዱ ድረስ ሸኘችኝ። ቦርሳዬን ተሸክማ ዝም ብላ ስትሄድ ቆየችና ድንገት ቆመች።

“አጎቴ፣ ሰባተኛ ክፍል እዚሁ ከሆነ፣ ሱብሒ ሰግጄ፣ ቁርኣን ቤት ቀርቼ እደርሳለሁ?”

ሰዓቱን በጣታችን አብረን ቆጠርነው። ሱብሒ 11 ሰዓት ተኩል፣ ቁርኣን ቤት እስከ 2 ሰዓት ሩብ ጉዳይ፣ ዳገቱ ሩብ ሰዓት።

“ትደርሻለሽ” አልኳት።

እንደገና ራሷ ቆጠረችው።

አላህ (ሱ.ወ) ያሰቡትን ያሳካላቸው፤ ለአገራችንም ሰላሙን ያውርድ። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካትሁ።